ኔትሊንክን በእጅ፦ ፕሮግራማችሁ ከሊኑክስ ከርነል ጋ ስለ ኔትወርክ እንዲያወራ ማድረግ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ባሕር ዳር፣ ሁለት መስመር ያለው ቢሮ ወይ ማሠልጠኛ ወይ ኢንተርኔት ቤት የምታስተዳድሩ ከሆነ ይሄ ለናንተ ነው። አንዱ መስመር በራውተር የሚመጣ ፋይበር፣ ሌላው ለክፉ ቀን የተሰካ ዩኤስቢ ዶንግል። ክረምት ላይ ጮቄ በኩል ማጉረምረም ሲጀምር መብራት ቦግ እልም ይላል፣ ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ስላለ አይነካውም፣ ራውተሩ ግን ይጠፋል፣ ከዛ "ኧረ ኔት የለም እኮ" የሚል ድምፅ ከየወንበሩ ይነሳል።

ለዚህ ብዙ ሰው የሚጽፈው ስክሪፕት በየአምስት ሰከንዱ "አይፒ" የሚባለውን ኮማንድ እየጠራ የወጣውን ጽሑፍ በ"ግሬፕ" የሚበረብር ነው። ይሠራል፣ አልሠራም አልልም፣ ግን በአምስቱ ሰከንድ መሃል ዕውር ነው፣ ኮማንዱ አፕዴት ተደርጎ የጽሑፉ ቅርፅ ትንሽ ከተለወጠ ደግሞ ሳይናገር መሥራት ያቆማል፣ አንዲት ቢት ለማወቅ በየጊዜው አዲስ ፕሮሰስ ማስነሳትስ ምን አመጣው። ከርነሉ፣ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ ራሱ ኬብሉ የሞተበትን ቅፅበት ያውቃል፣ ለጠየቀውም ሁሉ ይናገራል። መጠየቂያው ኔትሊንክ ነው፣ ሰው እንደሚያስፈራራበት ከባድ አይደለም፣ 32 ቁጥር በመስመር መደርደር ከቻላችሁ መጀመር ትችላላችሁ።

የሚያስፈልገው ኡቡንቱ ወይ ዴቢያን ያለበት ማሽን እና ፓይተን 3 ነው፣ ከፈለጋችሁ "ኤስትሬስ" የምትባለዋን፣ ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠራበትን ጥሪ ሁሉ የምታሳየዋን መሣሪያ ጨምሩ። የኮማንዶቹን ስም እዚህ በድምፃቸው ነው የጻፍኩት፣ ተርሚናሉ ላይ ያው በላቲን በትንንሹ ፊደል ነው የምትመቷቸው። ባይቶቹን ግን በቁጥር ስለማስቀምጣቸው እንዳሉ ገልብጧቸው። እስከ ደረጃ 5 ያለው ማንበብ ብቻ ስለሆነ ሱዶም አይጠይቅም፣ ምንም አያበላሽም። ደረጃ 6 ግን ዳታ በየት መስመር እንደሚወጣ የሚወስነውን ሰንጠረዥ፣ ራውቲንግ ቴብሉን፣ ይነካል፣ እሱን ቨርቹዋል ማሽን ላይ ወይ አጠገባችሁ ባለ ማሽን ላይ ሞክሩ፣ ባሕር ዳር ቁጭ ብላችሁ ቡሬ ያለ ሰርቨር ላይ በኤስኤስኤች ከሞከራችሁት ራሳችሁን ቆልፋችሁ ትወጡና ለማስተካከል መናኸሪያ ሄዳችሁ መኪና መጠበቅ ነው።

መጀመሪያ በሮቹን እንወቅ

ተራ ፕሮግራም የከርነሉን ሜሞሪ መንካት አይችልም። ራውቲንግ ቴብሉም፣ የካርዱ ሁኔታም፣ ፋየርዎሉም ያሉት ወዲያ ማዶ ነው፣ መሻገሪያው ሲስተም ኮል፣ ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠራበት ጥሪ፣ ብቻ። ዳታ ለመላክ ሲሆን ቲሲፒ ሶኬት ከፍቶ መጻፍና ማንበብ ነው፣ እሱን ታውቁታላችሁ። እኛ የምንፈልገው ዳታውን ሳይሆን ቁጥጥሩን ነው፣ ማለትም የትኛው ካርድ በርቷል፣ አድራሻው ስንት ነው፣ ፓኬቱ በየት ይውጣ የሚለውን።

ለዚህ በጣም የቆየው በር አይኦክትል ነው፣ የድሮው የካርድ ማሳያ ኮማንድ "አይኤፍኮንፊግ" እስከ ዛሬ የሚሠራው በሱ ነው። ቀጥሎ ፋይሎቹ አሉ፣ /ፕሮክ/ኔት እና /ሲስ/ክላስ/ኔት ስር ያሉት። ሴትሶክኦፕት የሚባለውም አለ፣ የድሮው ፋየርዎል አይፒቴብልስ አንዲት ሕግ ለመጨመር የቴብሉን ሕግ በሙሉ አውጥቶ አስተካክሎ መልሶ የሚያስገባው በሱ ነው። ቪፒኤን የሚሠሩት ፕሮግራሞች ደግሞ /ዴቭ/ኔት/ተን የሚባል የዲቫይስ ፋይል ከፍተው ፓኬቱን ራሱን ይቀበላሉ። ኔትሊንክ ሊኑክስ 2.0 ላይ በዲቫይስ ፋይል መልክ ተጀመረ፣ ከ2.2 ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. 1999 ማለት ነው፣ አሁን ያለውን የሶኬት መልክ ያዘ፣ በ2003 አርኤፍሲ 3549 የሚባል የኢንተርኔት ሰነድ ሆኖ ተጻፈ። ከዛ ወዲህ አዲስ ነገር ሁሉ ወደሱ ነው የሚሄደው፦ የአይፒቴብልስ ተተኪ ኤንኤፍቴብልስ በከርነል 3.13 ሲገባ በኔትሊንክ መጣ፣ ዕድሜ ልኩን በአይኦክትል ሲሠራ የነበረው የኬብል ካርድ ማስተካከያ ኢተቱል እንኳ በ5.6 ላይ የኔትሊንክ መንገድ ተሠራለት፣ ዋይፋዩም፣ ሶኬቶችን የምትዘረዝረው "ኤስኤስ"ም በሱ ነው የሚሠሩት። ስለዚ ዛሬ አዲስ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው አይኦክትል ላይ ጊዜ የሚያጠፋበት ምክንያት አይታየኝም።

ደረጃ 1፦ በፋይሉ በር አጮልቁ

/ሲስ/ክላስ/ኔት ውስጥ ግቡ፣ ለያንዳንዱ ካርድ አንድ ፎልደር አለ። በኬብል የሚሠራው ካርድ ፎልደር ውስጥ "ካሪየር" የሚባለውን ፋይል በ"ካት" አንብቡት፣ 1 ካለ ኬብሉ ሲግናል አለው፣ 0 ካለ የለውም። ካርዱ ራሱ ዳውን ተደርጎ ከሆነ ግን 0 አይላችሁም፣ ማንበቡ ራሱ ኤረር ይመልሳል፣ ይሄን ያላሰበ ስክሪፕት እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። "ኦፐርስቴት" የሚለውን ብታነቡት ይሻላል፣ አፕ ወይ ዳውን ይላችኋል።

አንድ ጊዜ ማወቅ ብቻ ከፈለጋችሁ እዚሁ አቁሙ፣ ይበቃችኋል። ለውጡን በተከሰተበት ሰዓት ማወቅ ከፈለጋችሁ ነው የምንቀጥለው።

ደረጃ 2፦ "አይፒ" ራሱ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ

ኤስትሬስን ኔትወርክ ነክ ኮሎችን ብቻ እንዲያሳይ አድርጋችሁ በ"አይፒ ሊንክ" ላይ አስነሱት። ስክሪኑ ላይ የሚወርደው ብዙ ይመስላል ግን ቅደም ተከተሉን ብቻ ተከተሉ፦ የኔትሊንክ ሶኬት ይከፍታል፣ የመቀበያ በፈሩን፣ የሚመጣው የሚጠራቀምበትን ቦታ፣ 1048576 ባይት ያደርገዋል፣ ባይንድ ያደርጋል፣ ማለትም ለሶኬቱ አድራሻ ይይዛል፣ አንድ ጥያቄ ይልካል፣ መልሱን ደጋግሞ ይቀበላል፣ ይዘጋል። በቃ ይሄው ነው። ያ በቀለም አሸብርቆ የሚወጣው ጽሑፍ ሁሉ የመልሱን ባይቶች ለሰው ዓይን ማሳመር ነው፣ የኛ ስክሪፕት ደግሞ ያማረውን ጽሑፍ መልሶ ወደ ዳታ ለመቀየር ነበር ሲታገል የኖረው።

ደረጃ 3፦ ሶኬቱን ክፈቱ፣ ጥያቄውን ላኩ

ፓይተን ላይ ሶኬት የሚባለውን ሞጁል ኢምፖርት አድርጉና አዲስ ሶኬት በሦስት ቁጥር ክፈቱ፦ ፋሚሊ 16፣ ታይፕ 3፣ ፕሮቶኮል 0። 16 ኔትሊንክ ማለት ነው፣ 3 ሮው የሚባለው የሶኬት ዓይነት፣ 0 ደግሞ ከኔትሊንክ ቤተሰብ ውስጥ ራውትን፣ ሊንክንና አድራሻን የያዘው ክፍል። ቀጥሎ ባይንድ፣ አድራሻው ሁለት ቁጥር ነው፣ ሁለቱንም 0 አድርጉት። የመጀመሪያው 0 "መለያ ቁጥር አንተው ስጠኝ" ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ የፕሮሰሳችሁን ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ሁለተኛው 0 "ለጊዜው ምንም ማስታወቂያ አልከታተልም" ማለት ነው።

አሁን ጥያቄው። "ያሉህን ካርዶች በሙሉ ንገረኝ" የሚለው ጥያቄ 32 ባይት ነው፣ ይኸው፦

32 0 0 0 18 0 1 3 1 0 0 0 0 0 0 0
0 0 0 0 0 0 0 0 0 0 0 0 0 0 0 0

የመጀመሪያው መስመር የማንኛውም የኔትሊንክ መልዕክት ራስጌ ነው፣ ሁልጊዜ 16 ባይት። አራቱ ባይት ጠቅላላ ርዝመቱ፣ 32። ቀጥሎ ሁለት ባይት ዓይነቱ፣ 18 ማለት ሊንክ አምጣ። ቀጥሎ ሁለት ባይት ፍላግ፣ 1 እና 3፣ ማለትም 1 ጥያቄ ነው፣ ላይኛው 3 ደግሞ ሙሉውን ዝርዝር አውርድ፣ ደምፕ የሚሉት። ከዛ አራት ባይት የጥያቄው ተራ ቁጥር፣ 1 ብለነዋል፣ መልሱ ላይ ያው ቁጥር ተመልሶ ስለሚመጣ የትኛው መልስ ለየትኛው ጥያቄ እንደሆነ በዛ ትለያላችሁ። የመጨረሻው አራት ባይት የላኪው መለያ፣ 0 ቢሆን ችግር የለም። ሁለተኛው መስመር ስለ ካርዱ የሚገልፅ 16 ባይት ነው፣ ሁሉንም ስለምንፈልግ ሁሉም ዜሮ።

ቁጥሮቹ ትንሹ ባይት ቀድሞ የተቀመጡት ማሽኔ እንደብዙዎቻችሁ ሊትል ኢንድያን ስለሆነ ነው። ኔትሊንክ ከማሽኑ ስለማይወጣ ራስጌው የማሽኑን ቅደም ተከተል ነው የሚከተለው። ከኢንተርኔት ፕሮቶኮል የመጣችሁ ሰዎች ልማድ ሆኖባችሁ አትገልብጡት።

እነዚህን ቁጥሮች ባይትስ አድርጋችሁ በ"ሰንድቱ" ወደ አድራሻ 0፣ 0 ላኩ። እዚህ ጋ 0 ማለት ከርነሉ ነው።

ደረጃ 4፦ መልሱን ፍቱት

መቀበያ በፈር ስትሰጡ አትሰስቱ፣ የከርነሉ ሰነድ ቢያንስ 8 ኪሎባይት ወይም የማሽኑን ፔጅ መጠን ይላል፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ ለደምፕ ደግሞ 32 ኪሎባይት ይመክራል፣ እኔም 32768 ነው የምጽፈው። በአንድ ንባብ ብዙ መልዕክት ተደርድሮ ሊመጣ ይችላል፣ ስለዚ የመጀመሪያውን ርዝመት አንብባችሁ ያን ያህል ዘላችሁ ቀጣዩን ትይዛላችሁ፣ ዓይነቱ 3 የሆነ መልዕክት እስኪመጣ ድረስ። 3 ማለት ጨርሻለሁ። 2 ከመጣ ኤረር ወይ ማረጋገጫ ነው፣ ወደሱ እንመጣለን። 16 ደግሞ አንድ ካርድ።

እያንዳንዱ ማሽን ላይ ያለችው የመጀመሪያዋ ካርድ "ኤልኦ"፣ ሉፕባኳ፣ ማሽኑ ከራሱ ጋ የሚያወራባት፣ ከራስጌው በኋላ እንዲህ ሆና ትመጣለች፦

0 0 4 3 1 0 0 0 73 0 1 0 0 0 0 0
7 0 3 0 108 111 0 0

የላይኛው መስመር አምስተኛ ባይት፣ 1፣ የካርዷ ኢንዴክስ ነው። 73 0 1 0 የሚለው አራት ባይት ፍላጉ ነው፣ ሲደመር 65609 ይሆናል፣ ማለትም 1 በርቷል፣ 8 ሉፕባክ ነው፣ 64 እየሠራ ነው፣ 65536 ደግሞ የታችኛው ንብርብር፣ ኬብሉ ማለት፣ አለ። እዚህ ጋ ቆም በሉና አይኤፍኮንፊግን ክፈቱ፣ ለኤልኦ "ፍላግስ እኩል ይሆናል 73" ብሎ ታዩታላችሁ። 65536ቱ የት ሄደ? አይኦክትል ለፍላግ የሚሰጠው ቦታ ሁለት ባይት ብቻ ስለሆነ አልገባም፣ ተቆርጦ ቀረ። ስለ አሮጌው በር ሌላ ማብራሪያ ሳያስፈልግ ይሄ ብቻ ይበቃል። ኢተርኔት ካርድ ላይ አይኤፍኮንፊግ 4163 የሚለውም እዚህ 69699 ሆኖ ነው የሚመጣው።

የታችኛው መስመር አትሪቢዩት ይባላል። ሁለት ባይት ርዝመት፣ ሁለት ባይት ዓይነት፣ ከዛ ይዘቱ። ዓይነት 3 የካርድ ስም ነው፣ 108 እና 111 "ኤል" እና "ኦ"፣ 0 የስሙ ማብቂያ። ርዝመቱ 7 ነው የሚለው፣ ስምንተኛዋ 0 ትርፍ ናት፣ ምክንያቱም ኔትሊንክ ሁሉንም ነገር በአራት ባይት ነው የሚያሰልፈው፣ 7 የሚል ካያችሁ 8 ትዘላላችሁ፣ 9 የሚል ካያችሁ 12። በእጅ ፓርሰር የሚጽፍ ሰው ዘጠና በመቶ የሚደናቀፈው እዚህ ነው ብል ማጋነን ከሆነ ይቅር በሉኝ፣ ግን ፓርሰራችሁ ኤልኦ ላይ ሠርቶ ሁለተኛው ካርድ ላይ ቅዠት የሚመስል ቁጥር ካወጣ ሌላ ቦታ አትፈልጉ። ሌሎቹን አትሪቢዩቶች የማታውቋቸው ከሆነ ዝም ብላችሁ ዝለሏቸው፣ ዲዛይኑ ለዚህ ነው የተሠራው፣ ከርነሉ ነገ አዲስ ቢጨምር የናንተ ፕሮግራም አይሰበርም። 4 ኤምቲዩ፣ የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን፣ ነው፣ 16 ኦፐርስቴት፣ 33 ካሪየር።

ደረጃ 5፦ መጠየቁን ትታችሁ አዳምጡ

ዋናው ጥቅም እዚህ ነው። ባይንድ ስታደርጉ ሁለተኛዋ ቁጥር ላይ 0 የነበረውን 1 ብታደርጉት የሊንክ ለውጥ በሙሉ ሳትጠይቁ ይደርሳችኋል። 16 ብትጨምሩ የአይፒቪ4 አድራሻ ለውጥ፣ 64 ብትጨምሩ የራውት ለውጥ፣ ሦስቱንም ከፈለጋችሁ 81። ከዛ ዝም ብሎ ማንበብ ላይ መተኛት ነው፣ ፕሮግራሙ ሲፒዩ አይበላም፣ የሆነ ነገር እስኪከሰት ከርነሉ ራሱ ያስተኛዋል።

ይሄን እያስኬዳችሁ ሂዱና የራውተሩን ፓወር ንቀሉ። ዓይነቱ 16 የሆነ መልዕክት ከች ይላል፣ የጥያቄው ተራ ቁጥር 0 ነው፣ ምክንያቱም የጠየቀ የለም። ፍላጉን ደምሩት፣ 69699 የነበረው 4099 ሆኗል። 64ቱና 65536ቱ ጠፉ፣ 1 ግን አለ፦ ካርዱ አሁንም እንደበራ ነው፣ የጠፋው ሲግናሉ ነው። ይህ ልዩነት ወርቅ ነው። ካርዱን አድሚኑ ዳውን ሲያደርገው ከርነሉ በዛ ካርድ የሚወጡ የአይፒቪ4 ራውቶችን ራሱ ይሰርዛል፣ ሲግናሉ ብቻ ሲጠፋ ግን በነባሪ አይሰርዝም፣ "ሊንክዳውን" የሚል ምልክት ለጥፎባቸው ይተዋቸዋል፣ ፓኬቶቻችሁም ወደ ሞተው ራውተር መሄዳቸውን ይቀጥላሉ። ዶንግሉ ተሰክቶ እያለ "ኔት የለም" የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ እነዚህ ማስታወቂያዎች እንደ እድር ጡሩምባ ናቸው፣ ለፋፊው ሰፈሩን ዞሮ ይነግራል፣ ያልሰማ ካለ ግን በሩን አንኳኩቶ አይደግምለትም። የሶኬታችሁ በፈር ከሞላ ከርነሉ መልዕክቱን ይጥለዋል፣ ቀጥሎ ስታነቡ ኤረር 105 ታገኛላችሁ። ያ ኤረር ሲመጣ ፕሮግራሙን መግደል አይደለም፣ "አምልጦኛል" ማለት ስለሆነ ደረጃ 3 ላይ ያለውን የደምፕ ጥያቄ እንደገና ልካችሁ ሁኔታውን ከዜሮ መያዝ ነው። ሲነሳም እንደዛው፣ መጀመሪያ ባይንድ አድርጋችሁ ማዳመጥ ጀምሩ፣ ደምፑን ከዛ በኋላ ጠይቁ፣ ከገለበጣችሁት በመሃል የሚከሰተው ለውጥ ያመልጣችኋል።

ሁለተኛ፣ በ"ሪሲቭፍሮም" ስታነቡ የላኪው መለያ ቁጥር አብሮ ይመጣል፣ 0 ካልሆነ ከርነሉ አይደለም የላከው፣ ጣሉት። ኔትሊንክ ላይ ፕሮግራም ለፕሮግራምም መላክ የሚቻልበት ሁኔታ አለ፣ ይሄን ሳያጣሩ የተሠሩ ፕሮግራሞች ላይ ተራ ዩዘር እንደ ከርነል ሆኖ ሲያታልል ታይቷል።

ደግሞ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት "አይፒ ሞኒተር ሊንክ" ብላችሁ ብታስነሱ ይሄንኑ ነገር በጽሑፍ ታዩታላችሁ፣ የናንተ ፕሮግራም የሚያወጣውን ከሱ ጋ እያስተያያችሁ ማረም በጣም ያቀላል።

ደረጃ 6፦ ከርነሉን እዘዙት

አሁን መስመሩን ወደ ዶንግሉ እናዙረው። የኔ ዶንግል እንደ ኢተርኔት ካርድ ነው የሚታየው፣ ኢንዴክሱ 3፣ ጌትዌዩ፣ ወደ ውጭ የሚያሳልፈው አድራሻ፣ 192.168.8.1 ነው እንበል። መልዕክቱ 52 ባይት ነው፦

52 0 0 0 24 0 5 5 2 0 0 0 0 0 0 0
2 0 0 0 254 4 0 1 0 0 0 0
8 0 5 0 192 168 8 1
8 0 4 0 3 0 0 0
8 0 6 0 50 0 0 0

24 ማለት አዲስ ራውት። ፍላጉ 5 5፣ የመጀመሪያው 5 ጥያቄ ነው ሲደመር ማረጋገጫ ስጠኝ፣ ሁለተኛው ከሌለ ፍጠር፣ ካለ ተካ። ሁለተኛው መስመር ላይ 2 አይፒቪ4፣ ቀጥሎ ያለው 0 የመድረሻው ማስክ ርዝመት፣ ዜሮ ስለሆነ ዲፎልት ራውት፣ ሌላ መንገድ ላልተሰጠው ሁሉ የሚሆነው፣ ማለት ነው፣ 254 ዋናው ቴብል፣ 4 በሰው እጅ የገባ፣ የመጨረሻዋ 1 ተራ ዩኒካስት። ከዛ ሦስት አትሪቢዩት፦ 5 ጌትዌይ፣ 4 የሚወጣበት ካርድ፣ 6 ሜትሪክ፣ የራውቱ ቅድሚያ ቁጥር። ሜትሪኩን 50 ያደረግኩት ኔትወርክ ማኔጀር ለኬብል በነባሪ 100 ስለሚሰጥ ነው፣ ትንሹ ያሸንፋል፣ ስለዚ የፋይበሩን ራውት ሳንነካ ከፊቱ እንቆማለን። አያችሁ ደግሞ፣ አይፒ አድራሻው እንደሚነበበው 192 168 8 1 ነው የተቀመጠው፣ ሌሎቹ ቁጥሮች ግን ትንሹ ባይት ቀድሞ፣ አድራሻ ሁልጊዜ በኔትወርኩ ቅደም ተከተል ነው የሚጻፈው። ባንድ መልዕክት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥርዓት መሆኑ ያስቀይማል ግን እንዲህ ነው።

መልሱ ዓይነት 2 ሆኖ ይመጣል፣ ኤረር የሚል ስም አለው ግን ከራስጌው ቀጥሎ ያለው አራት ባይት 0 0 0 0 ከሆነ ተሳክቷል ማለት ነው። 255 255 255 255 ካላችሁ እሱ ኔጌቲቭ 1 ነው፣ ፈቃድ የለህም ማለት፣ ሱዶ ረስታችኋል። ኔጌቲቭ 101 ከሆነ ጌትዌዩ በዛ ካርድ በኩል አይደረስም፣ ብዙ ጊዜ ዶንግሉ ገና አድራሻ አላገኘም። ኔጌቲቭ 19 ዲቫይሱ የለም፣ ኢንዴክሱን አረጋግጡ፣ ዶንግል ተነቅሎ ሲሰካ አዲስ ኢንዴክስ ነው የሚይዘው፣ ስለዚ 3ን ኮዳችሁ ውስጥ አትቅረፁት፣ ከደረጃ 4 በስሙ ወይ በማክ አድራሻው ፈልጋችሁ ያዙት። ኔጌቲቭ 22 ከመጣ ባይት አበላሽታችኋል። ከ4.12 ወዲህ ያሉት ከርነሎች ሴትሶክኦፕት ላይ ኤክስቴንድድ አክ የሚባለውን ካበራችሁላቸው ከቁጥሩ ጋ ሰው የሚያነበው ዓረፍተ ነገርም ይልካሉ፣ አብሩት፣ ብዙ ፀጉር ከመንጨት ያድናል።

ፋይበሩ ሲመለስ ያንኑ መልዕክት ዓይነቱን 24 የነበረውን 25፣ ፍላጉን 5 0 አድርጋችሁ ስትልኩት ራውቱ ይሰረዛል፣ ትራፊኩ በራሱ ወደ 100ው ይመለሳል።

ስታሰማሩት የሚያጋጥመው

ካሪየር ማለት ኢንተርኔት ማለት አይደለም። ከሰርቨሩ እስከ ራውተሩ ያለችውን አጭር ኬብል ብቻ ነው የምታውቀው። መብራት ሄዶ ራውተሩ ሲሞት ይሄ ፕሮግራም ወዲያው ነው የሚይዘው፣ ፋይበሩ መንገድ ላይ በቁፋሮ ቢበጠስ ግን ራውተሩ በርቶ ስለሚቀመጥ ከርነሉ ምንም አያይም፣ ለሱ ውጭ ያለ አድራሻን በየተወሰነ ሰከንዱ ፒንግ የሚያደርግ ነገር ጨምሩ። ሁለቱ አይተካኩም፣ ኔትሊንኩ ፈጣኑ ነው፣ ፒንጉ ሩቅ የሚያየው።

መብራት ሲመላለስ ራውተሩ በደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ ጠፍቶ ሊበራ ይችላል፣ በየመልዕክቱ ራውት ከቀያየራችሁ የተጠቃሚው ግንኙነት ሁሉ ይበጣጠሳል። ሲጠፋ ወዲያው ቀይሩ፣ ሲመለስ ግን ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ረግቶ እስኪቆይ ጠብቁ። ራውተር ራሱ ተነስቶ ኔት እስኪያገኝ ጊዜ ይወስዳል፣ ሲግናሉ ግን ቀድሞ ነው የሚመጣው።

ኔትወርክ ማኔጀር ያለበት ማሽን ላይ ከሆናችሁ እሱም ይሄንኑ ኔትሊንክ ነው የሚያዳምጠው፣ ኬብሉ ሲሞት ከትንሽ ቆይታ በኋላ ራሱ ራውቱን ያነሳል። ዴስክቶፕ ላይ እንደውም ሜትሪክ ማስተካከል ብቻ ይበቃችሁ ይሆናል፣ ሁለት አዛዥ አንድ ቴብል ላይ ማስቀመጥ ግን የማያልቅ ጣጣ ነው፣ ወይ ካርዶቹን ከሱ እጅ አውጡ ወይ ሥራውን ለሱ ተዉለት።

በእጅ ባይት መደርደሩ ለመማር ነው እንጂ ለዘለቄታው ፓይተን ላይ "ፓይራውት2"፣ ሲ ላይ "ሊብኤምኤንኤል" ተጠቀሙ፣ ማሰለፉንና ተራ ቁጥሩን እነሱ ይይዙላችኋል። ዋይፋይ ውስጥ መግባት ከፈለጋችሁ ፕሮቶኮሉ 0 መሆኑ ቀርቶ 16 ይሆናል፣ ጄኔሪክ ኔትሊንክ የሚባለው፣ እሱ ላይ መጀመሪያ የቤተሰቡን ስም ልካችሁ ቁጥሩን ትቀበላላችሁ እንጂ ቁጥሩ ቋሚ አይደለም፣ የዋይፋዩ ስም ኤንኤል80211 ነው።

ሲስተምዲ ላይ ሰርቪስ ስታደርጉት ሙሉ ሩት ዩዘር አትስጡት። ተራ ዩዘር ፈጥራችሁለት "አምቢየንት ኬፓቢሊቲስ" በሚለው መስመር ላይ "ካፕ ኔት አድሚን" ብቻ ስጡት፣ ራውት ለመቀየር እሱ ይበቃዋል፣ ለማዳመጡ ደግሞ እሱም አያስፈልግም። ከወደቀ ደግሞ እንዲነሳ ሪስታርቱን "ኦልዌይስ" በሉት፣ ሲነሳም ቀድሞ የተወው ሜትሪኩ 50 የሆነ ራውት ካለ በደምፕ አይቶ ፋይበሩ ካለ ይሰርዘው፣ አለበለዚያ መብራት ከመጣ በኋላም ቀኑን ሙሉ የዶንግሉን ፓኬጅ ሲበላ ይውላል።